አምስት ከተማ፣ አምስት መደብ

ለዋርሳዬ፣ ሃይፋ ላለሽው፤

በመታወቂያዬ ላይ ሰባ ዘጠኝ ይላል፤ በእናቴ ቆጠራ ግን ሰማንያ አንድ ሞልቶኛል። እስካሁን ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፣ አሳንሰሩ ቢሠራም ባይሠራም። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ። ወጥ ራሴ እሠራለሁ፣ ጨው ቢበዛበትም የሚወቅሰኝ የለም። መድኃኒቴን ያለ አስታዋሽ እውጣለሁ፤ ነጩን ጠዋት፣ ቢጫውን ማታ። ጸሎት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ፣ ግን እደርሳለሁ። ቢላዬንም ራሴ እስላለሁ። ይኸንን ደብዳቤ ደግሞ ማንም ሳይጽፍልኝ፣ ሚስቴ እህትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባስተማረችኝ ፊደል፣ በገዛ እጄ እየጻፍሁት ነው። ከእሑድ ጀምሬ ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ነገ በሰው እጅ እልከዋለሁ። ጽሑፌ አልነበብ ካለሽ ልጅሽ አያላ ታንብብልሽ አልልሽም። ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው፤ ለልጅ የማይሆን ነገር አለበት።

አንችስ እንዴት ከረምሽ? ያ የግራ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የሃይፋ ዳገት ለጉልበት ጠላት ነው። ስኳርሽን ትለኪያለሽ ወይስ እንዳምናው ዝም ብለሽ ነው? እኔ የእስራኤል አምላክ ይመስገን አለሁ። ከዚህ ቀጥሎ «ከናንተ ናፍቆት በቀር» ተብሎ የሚጻፈውን ታውቂዋለሽ። በሁሉም ሰው ደብዳቤ ላይ ስላለ እኔ አልጽፈውም።

ለምን አትደውልም ትይኝ ይሆናል። ከፋሲካ ወዲህ ሰባት ጊዜ ደወልሁ፣ አላነሳሽም። ስምንተኛውን ኩራቴ ከለከለኝ። ብታነሺውም ደግሞ የኔ አፍ በስልክ ማዘዝ እንጂ ሌላ አያውቅም።

ዋናውን ላስቀድም። ሐሙስ ጠበቃው ዘንድ ሄደሽ የረሆቮቱን ሱቅ በግማሽ ዋጋ ለዚያ ሰውዬ እንዳትፈርሚለት። እለምንሻለሁ። ይኸን ቃል ስንት ጊዜ ከአፌ እንደሰማሽው አንች ታውቂያለሽ። ለምን እንዳትፈርሚ ደግሞ እነግርሻለሁ። የምታውቂውንም ደግሜ ብጽፍ አትሰልችኝ፤ ከሥሩ ካልጀመርሁ እጄ አይሄድልኝም።

ሃያ ሁለት ዓመት አምስት ቤተሰብ እቁብ ጣልን። ቢሻው በዘበኝነቱ፣ ሙሉሸዋ በሆስፒታል ጽዳቷ፣ ሳሙኤል በብርቱካን ማሸጊያው፣ አንች በደረጃ እጥበትሽ፣ እኔና እህትሽ ማታ ማታ ቢሮ እየጠረግን። ዳኛው እኔ ነበርሁ። ዕጣ የወጣለት ገንዘቡን ይዞ እንዳይበላው ብለን አጠራቀምን፣ ሱቅም ገዛን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም እዚሁ ረሆቮት፣ አንድ መንገድ ላይ፣ ጎን ለጎን። እንደዚያ ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ። ንብረት ማለት ጠዋት ወጥቼ መዝጊያውን በእጄ ነክቼ የምመለሰው ነው አልሁ፤ እናንተም እሺ አላችሁ።

ከዚያ የቢሻው ልጅ ሊሮን ተምራ መጣች። ሥራዋ የሱቅና የቢሮ ዋጋ መገመት ነው። አባቷ ሳሎን አስቀመጠችንና «አባባ፣ ሦስቱም ሱቅ አንድ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ቢዘጋ ሦስቱም በአንድ ቀን ነው የሚራቡት» አለችኝ። ሁለቱን ሸጠን አንዱን እናስቀር፣ በትልልቆቹ ከተሞች ትንንሽ ቤት እንግዛ፣ የሚሠራበትም ሥራ የተለያየ ይሁን፣ የአንዱ ኪራይ ቢቀር የሌሎቹ አምስታችሁንም ያኖራል አለች። እኔ ሦስት ዓመት እምቢ አልሁ። የማላየውን ቤት አልገዛም አልሁ። ያሸነፈችኝ በምክሯ እንዳይመስልሽ። አንድ ቀን «አባባ፣ አንተ የምትፈራው መሸጡን አይደለም፣ የማታውቀው ከተማ መሄዱን ነው» አለችኝ። እኔን! ከወልቃይት ሱዳን ድረስ በእግሬ የሄድሁትን ሰውዬ! በማግስቱ ፈረምሁ። ስትስቅ ነበር ያች ልጅ።

እንግዲህ አምስት ሆኑ። ቴልአቪቭ መጋዘን፣ ኢየሩሳሌም ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ቤርሸባ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ወረቀት የሚያባዙበት ሱቅ፣ ሃይፋ ታችኛው ከተማ የጥርስ ሐኪም ያለበት ክፍል፣ እዚህ ረሆቮት ደግሞ የቀረችው አንዷ፣ ኦፊር ጫማ የሚሸጥባት። ለጎደለው ከባንክ የቤት ብድር፣ ማሽካንታ፣ ወሰድን። ሊሮንም ወለደችና ቤቷ ተኛች።

እሷ ስትተኛ እኛ ሽማግሎቹ ብልህ ሆንን። አምስት ሰው አንድ ነገር በጋራ ከያዘ ከሞትን በኋላ ልጆቻችን ይጣላሉ አልን። አምስት ቤት አለ፣ አምስት ቤተሰብ አለ፣ እንከፋፈል። ማሽካንታውም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ የቤቱን ይክፈል። እንዴት እንከፋፈል? እንደ ቅርጫ ነዋ! ሌላ ምን እናውቃለን። የአምስቱን ቤት ወረቀት በቢሻው ጠረጴዛ ላይ አምስት መደብ አርገን ዘረጋነው። የእያንዳንዱን ሰው ምልክት የሚጥለው ምልክቱን ያላየ ሰው መሆን አለበት፤ ካንተ በላይ ማን ይታመናል ብላችሁ እኔን ደረጃው ላይ አስወጣችሁኝ። ለዳኛ ደግሞ የመጨረሻው የተረፈው ነው።

ስገባ በቢሻው ቆብ ውስጥ አራት ነገር ነበር። ቁልፍ፣ ባቄላ፣ የእርሳስ ስባሪ፣ አንድ ቡናማ የካፖርት አዝራር።

እዚህ ላይ ትናንት እስኪርብቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ዛሬ ልጨርሰው።

ዋርሳዬ፣ አዝራሩ ያንች መሆኑን አውቄ ነበር። ጠዋት ስትገቢ በግራ እጅጌሽ ላይ ሦስት አዝራር ነበር፤ ከደረጃው ስመለስ ሁለት። ማንም አላየም፣ እኔ አየሁ። ባቄላውን፣ ቁልፉንና እርሳሱን እንደ መጣልኝ ጣልሁ፣ ግን ከሁለት መደብ አራቅኋቸው። ያንችን ረሆቮት ላይ ጣልሁት። ለኔ የተረፈው ሃይፋ ሆነ። እንዲተርፍ አድርጌው ነው።

ሳቁን ታስታውሺያለሽ። ሳሙኤል «ሃይፋ የምትኖረው ረሆቮት ደረሳት፣ ረሆቮት የሚኖረው ሃይፋ! በሉ አሁኑኑ ተለዋወጡ!» አለ። እኔ ቆፍጠን ብዬ ዕጣ አይገለበጥም አልሁ። ሁላችሁም ዳኛ ማለት እንዲህ ነው አላችሁ። አንችም አልሽ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ መጀመሪያ በባቡር ትመጪ ነበር። ኦፊር በባንክ ልላክላት ቢል ቼክ በእጅ ይሻላል፣ ባንክ አይታመንም ብዬ የመከርሁሽ እኔ ነኝ። ጣቢያው ላይ ያገኘሁሽም ቀን ሁሉ ለሌላ ጉዳይ ወጥቼ ነበር። በየወሩ አጋማሽ ደግሞ እኔ ሃይፋ እመጣለሁ። የሐኪሙ ጸሐፊ ኑሪት ቼኩን ስትሰጠኝ ሁልጊዜ «ሳባ፣ ባንክ አለ እኮ! ለዚህች ወረቀት ከረሆቮት ትመጣለህ?» ትለኛለች። ሳባ ማለት በነሱ አያት ነው። አየሩ ይስማማኛል እላታለሁ። ከዚያ አንች ቤት ጎራ እላለሁ፣ መንገዴ ላይ ስለሆነ። ሁለት አውቶቡስ ብቻ ነው።

ሊሮን ከአራስ ቤት ወጥታ የሠራነውን ስትሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሕፃኑ እስኪያለቅስ ድረስ። ከዚያ ሳቋን አቁማ «አባባ ምን አደረጋችሁ? እኔ አምስታችሁም በአምስቱ ከተማ እንድትቆሙ ነው የለፋሁት። እናንተ እያንዳንዱን ሰው አንድ አንድ ከተማ ላይ አቆማችሁት! ድሮ በሦስት ሱቅ ላይ ነበራችሁ፣ አሁን አንድ ሰው በአንድ ሱቅ ላይ ነው» አለችኝ። ተቆጣሁ። አንች ቅርጫ መቼ ታውቂያለሽ፣ ሥጋሽን ከሱቅ በላስቲክ ታሽጎ የምትገዢ ልጅ አልኋት። በሰው ፊት። ልጇን ይዛ ሄደች።

ቀጥሎ የሆነውን አንች ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቧንቧ ሊቀብሩ የረሆቮቱን መንገድ ቆፈሩት። ለሦስት ወር ያሉት ዓመት አለፈው። ገበያተኛው ቀረ። ኦፊር ሁለት ወር ታገሠና ጫማውን ጭኖ ወደ ቂርያት ዔቅሮን ሄደ። ሱቋ አሥራ አራት ወር ባዶ። ኪራይ የለም፣ ማሽካንታው አለ፣ የከተማው ግብር አርኖናው አለ። የኔ የሃይፋው ሐኪም ግን ጥርስ መንቀሉን አላቋረጠም፣ አንድ ወርም ሳያዛንፍ ከፈለ።

በፋሲካ ሁሉም በተሰበሰበበት እንለዋወጥ፣ ወይ ለጊዜው እርዱኝ አልሽ። ድምፅሽ ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ዕጣ አይገለበጥም አልሁ። ካፖርትሽን ወስደሽ ወጣሽ። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ስንት ሌሊት አሰብሁት። አንዴ ከተገለበጠ ለምን ከመጀመሪያው አልተገለበጠም ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው። ሌላም አለ። ብንለዋወጥ አንች የሃይፋውን ሃይፋ ሆነሽ ትቀበያለሽ፣ እኔም የረሆቮቱን ረሆቮት። ሌላውን ተይው።

ለአዲስ ዓመት በዓል መዝከረት ባትያ አጠገብ ካለ እርሻ በሬ ገዝተን ቄሱ ባርከው አረዱልን። እንደ ወትሮው መደብ የሚያወጣው እኔ ነኝ። ጎድኑን አምስት ቦታ፣ ፍሪምባውን አምስት ቦታ። ጉበቱን ሳነሣ ትንሽ ነበር። ቢሻው «ትንሽ ናት፣ ላንዱ ስጠውና ይገላገል» አለኝ። አልሁት፣ ምን ነካህ? ጉበት ላንድ ሰው፣ ሻኛ ላንድ ሰው ተሰጥቶ ያውቃል? ሁሉም ከሁሉም ይደርሰዋል፣ ቅርጫ ማለት ይኸ ነው። ይህን ከአፌ አውጥቼ ቢላዬ ቆመ።

እንዴት እንደቆመ ልነግርሽ አልችልም። ቢሻው ታመምህ ወይ አለኝ። አልታመምሁም። ዕድሜ ልኬን ሥጋ የቆራረጥሁ ሰው፣ አምስቱን ቤት ግን በብልት በብልት ሰጠሁ። ላንዱ ጉበቱን፣ ለሌላው ቀንዱን። ያች የላስቲክ ሥጋ ትገዣለሽ ያልኋት ልጅ ናት ቅርጫውን ያወቀችው።

ከሁለት ቀን በኋላ አያላ መጣች። አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ግማሹን በነሱ ቋንቋ ግማሹን በኛ እያለች፣ እናቴ በስድሳ ስምንት ዓመቷ እንደገና ደረጃ ማጠብ ጀምራለች አለችኝ። አራት ፎቅ፣ በዚያ ጉልበት። ሐሙስ ደግሞ ሱቁን ልትሸጠው ነው፣ ግማሽ ዋጋም አይሞላ፣ አጎቴ፣ በዕጣህ እንኳን ደስ አለህ አለችኝ። ውሃ ጠጪ አልኋት። ቤሰደር፣ «ደህና ነኝ» እንደማለት፣ አልጠማኝም ብላ ወጣች። ልክ ናት። አትቆጪያት።

ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ ሁሉንም ቢሻው ቤት ጠራኋቸው። ሊሮንንም ጠራኋት። አንችን ቢሻው ደውሎ ቢለምንሽ የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ እኔ ሽጬ እገላገላለሁ እንዳልሽው ነገረን። እንግዲህ ያልሰማሽውን ልንገርሽ።

የበሬውን ነገር ነገርኋቸው። የአምስቱ ቤት ኪራይ አንድ ቋት ይግባ፣ ማሽካንታውም አርኖናውም ከዚያው ይከፈል፣ የተረፈው ለአምስት ይከፈል አልሁ። ሙሉሸዋ ወዲያው እሺ አለች፤ ቤርሸባ ተማሪው ለበጋ ሲበተን የሷም ሱቅ ይራባል። ሳሙኤል ጆሮው ስለደከመ ሦስት ጊዜ አስደገመኝና እሱም እሺ አለ። ቢሻው ግን «የኔ የቴልአቪቭ መጋዘን አንድ ቀን ባዶ አላደረም። ለምን ከናንተ ጋር እቀላቅለዋለሁ? ዕጣዬ ነው፣ አንተው ራስህ አይገለበጥም ያልኸው» አለኝ። ልጁ ሊሮን በአባቷ አፈረች። እሱ ግን ያለው የኔን ቃል ነው።

የዚያን ጊዜ ዕጣው ንጹሕ አልነበረም አልሁ።

ሳሙኤል እንኳ ያንን አንዴ ሰማው። የሷን ምልክት አውቄው ነበር፣ አውቄ ነው ረሆቮት ላይ የጣልሁት፣ ለኔም ሃይፋን ያስተረፍሁት አልሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የእቁብ ዳኛ ሆኜ አንድ ሰው በክፉ አይቶኝ አያውቅም፤ ቅዳሜ አዩኝ። ቢሻው «እኔንስ? ወደኸኝ ነው ቴልአቪቭን የሰጠኸኝ?» አለ። አንተስ ዝም ብሎ ነው የደረሰህ አልሁት። «እንዲያማ ከሆነ ተቀየምሁ» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ አልወጣልኝም።

ሙሉሸዋ ብቻ አልሳቀችም። ለምን አደረግኸው? አለችኝ። ሱቋን ልታይ ስትመጣ የእህቷን መቃብር በዚያው እንድትሳለም ብዬ ነው አልኋት። መቃብሩ ከባቡር ጣቢያው ምን ያህል ነው? አለችኝ። በእግር አንድ ሰዓት አልኋት። መጥታ በነበረ ጊዜ ስንት ቀን እዚያ ሄደች? አለችኝ። ጉልበቷን ያማታል አልሁ። ሙሉሸዋ አየችኝ። ያቺን የድሮ አስተያየቷን ታውቂያታለሽ። ከዚያ «እሺ፣ ለመቃብሩ ነው እንበል» አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። ስኳሩንም ራሷ አማሰለችው።

ቢሻው እሺ አለ። ግን ዳኛ ዕጣ ካበላሸ መቀጫ አለበት አለ፣ ልክ ነው። የአዲሱ ውል የጠበቃ ወጪ በኔ። የረሆቮቱ ሱቅ የአሥራ አራት ወር አርኖና በኔ። የእቁቡን ደብተርም አስረክብ አለኝ። ደብተሩን ለሊሮን ሰጠኋት። ዳኛዋ ከእንግዲህ እሷ ናት። ስትቀበለኝ በሁለት እጇ ነው የተቀበለችኝ፣ ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

የቤቶቹ ስም እንደተያዘው ይቆያል አለች ሊሮን፤ ስም ማዛወር ግብሩ ብዙ ነው። የሚፈረመው ውል የኪራዩ ብቻ ነው። ወደፊት ደግሞ አንዱ ከተማ ካልሆነልን ያንን ሸጠን ሌላ ከተማ እንሞክራለን፣ አምስታችንም ተመካክረን። አሁን ግን የረሆቮቱ ሱቅ አይሸጥም፤ መንገዱ ሲደፈን ዋጋው ይመለሳል፣ አሁን የሚሸጥ ሰው ጉድጓዱን ነው የሚሸጠው አለች። የገባሽ ይመስለኛል። ከዚህ ወር ጀምሮ ሱቋ ባዶም ብትሆን አንች ከቴልአቪቭም፣ ከኢየሩሳሌምም፣ ከቤርሸባም፣ ከሃይፋም ድርሻሽ ይደርስሻል። ማሽካንታሽ ይከፈላል። ደረጃ አታጥቢም። ሐሙስ ሰውዬው ሲመጣ ተወው፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ በይው። ከጮኸብሽ ለሊሮን ደውይ፣ ያቺ ልጅ ለጩኸት መልስ አላት።

ሊሮን ሌላም ነገር ተናገረች፣ በጣም ደስ ብሏት። ከእንግዲህ ኪራዩ ሁሉ ከተከራዮቹ በቀጥታ ባንክ ይገባል፣ በወሩ በአሥረኛው ቀን ለእያንዳንዳችሁ ይደርሳችኋል፣ አንድም ሽማግሌ ለቼክ ብሎ ባቡር ላይ አይንገላታም አለች። ሁሉም አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብሁ።

እንግዲህ ረሆቮት መምጣት የለብሽም። እኔም ሃይፋ የሚያስኬደኝ ጉዳይ የለም። ለኑሪት ደውዬ ነገርኋት፤ ሳባ አየሩስ? አለችኝ። በሽማግሌ ማሾፍ ይወዳሉ እዚያ ቢሮ።

ደክሞኛል። ከሥራ የመጣ ድካም አይደለም፣ ሥራማ አሁንም እችላለሁ። ይኸን ያህል ዓመት ቀጥ ብዬ ቆሜ ኖሬ አንድ ቀን ቁጭ በል ሲሉኝ ነው እግሬ መዛሉን ያወቅሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አልጽፍም። ይቅርታ ማድረጉ ያንች ነው፣ ባታደርጊም አልቀየምሽም። ሱቁን ብቻ እንዳትፈርሚ።

የአባቶቻችን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናው። ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። አያላን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ያንን ኃይለኛ አፏን የሚችል ሰው ይስጣት። ቤትሽ እንግዳ አይጣ። አዲሱ ዓመት ካለፈው የተሻለ ይሁንልሽ፣ ያለፈውን እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።

አሁን ያለብኝን ዕዳ ልንገርሽና ልጨርስ። ልጄ ኢላን ሰምቶ አባባ እኔ ልክፈልልህ አለኝ፤ እጅህን ሰብስብ አልሁት። ሁሉንም ራሴ ነኝ የምከፍለው። አርኖናውን በስድስት ክፍያ ተስማምቻለሁ፣ የመጀመሪያውን ትናንት ከፈልሁ፣ ደረሰኙ ኪሴ ነው። ጠበቃውን ለኔ የመቃብር ድንጋይ ብዬ ካስቀመጥሁት እከፍለዋለሁ፤ ለኔ ቀለል ያለ ድንጋይ ይበቃል። በነዚያ አሥራ አራት ወር ቋቱ አንድ ቢሆን ኖሮ ለያንዳንዱ ምን ይደርስ እንደነበር ሊሮን አስልታ በወረቀት ሰጥታኛለች፤ ያንች ድርሻ ከሃይፋው ኪራይ ላይ ሳልነካው ያስቀመጥሁት አለ፣ የጎደለውን እስከ ፋሲካ እሞላዋለሁ። አልቀበልም ካልሽ ለአያላ እሰጣለሁ፣ እሷም ካልተቀበለች በርሽ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ለሊሮን በሰው ፊት ስለተናገርኋት በሰው ፊት አጥፍቻለሁ እላታለሁ፣ በመጪው ቅዳሜ፣ አባቷ ባለበት። ለሙሉሸዋ አንድ ጥያቄ ሳትጨርሰው ስለተወችልኝ፤ ይኸ በምን እንደሚከፈል ገና አላወቅሁም። ለእህትሽም አለብኝ። በመቃብሯ ስም ዋሽቻለሁ። እሱን ዓርብ ጠዋት በእግሬ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ፤ እኔው ራሴ፣ ማንም ቀድሞ እንዳይነግርብኝ።

የእህትሽ ባል
ረሆቮት